ከዒዳ በኋላ፦ አንድ ቀን በደምበል ሐይቅ ዳር



ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንደምትቀመጥ በየቤታችን የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ዒዳዋ እስክትወልድ ድረስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አታገባም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ለጌጥ የሚለበስ ልብስ አትለብስም፣ ያለ ጉዳይም ከቤቷ አትወጣም። ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዒዳው በተፈጸመ ማግሥት ማለዳ ምን መሆን እንዳለበት ግን ሲነገር የሰማን አይመስለንም። የፊቅህ ኪታቦች መፈጸሙን ተናግረው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። ሰፈር ግን አያልፍም፤ ሰፈር የራሱን ዒዳ ይጨምርበታል።

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) ወደ አኼራ የሄዱት በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ የረመዳን ጾም ከተፈታ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። መርካቶ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ አራት ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከእናታችን ጋር ተቀምጠን ውርሱን በሸሪዓው መሠረት ስንከፋፈል፣ ከስምንት አንድ በሆነው በእናታችን ድርሻ ውስጥ የስፌት መኪናቸው ገባ። እናታችን መኪናውን በአሮጌ አንሶላ ሸፍና ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም።

ዒዳዋን የቆጠረችው ከረመዳን በተረፈ የተምር ፍሬ ነው። በየማታው ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዳንድ ፍሬ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ትጥል ነበር። አክስታችን፣ የአባታችን ታላቅ እህት፣ በበኩላቸው በአበሻ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ይዘው ቆጠሩና 130 ቀን አደረሱት። የዒዳ ወራት የሚቆጠሩት ግን በጨረቃ ነው፤ የጨረቃ ወር አንዳንዱ 29፣ አንዳንዱ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ከዚያ ሁለት ቀን ያህል ያጥራል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ላይ በቤታችን የተነሣው ክርክር ቢጻፍ ይህን መጽሔት ይሞላ ነበር። በመጨረሻ እናታችን ራሷ፣ «ሁለት ቀን ምን አላት? ትጨመር» አለችና ተዘጋ።

ቀኑ ሞላ። እናታችን ግን ከተቀመጠችበት ምንጣፍ አልተነሣችም። ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜን አለፈ፣ መስከረም ጠባ። ጥቁር ሻሿን አላወለቀችም። ከሻይና ከትንሽ ቂጣ በቀር አትቀምስም። ሰው ሲጠይቃት ትመልሳለች እንጂ ራሷ ወሬ አትጀምርም። ከእኛ አንዱ በር ላይ ሆኖ፣ «እማ፣ ፀሐይ ሙቂ እንጂ፣ ውጪው ደስ ይላል» ቢላት፣ «ሰው ምን ይላል ልጄ» ትላለች። ሰውም አላሳፈራትም። አንዲት ጎረቤታችን ለቡና በመጡበት ቀን፣ ዓመት ሳይሞላ ቀለም የለበሰችን አንዲት ሴት ስም ጠርተው ሲያሟት እናታችን አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው።

በዚህ ጊዜ ሰፈራችን ወዳለው መስጊድ ሄደን፣ በልጅነታችን ቁርኣን ያቀሩንን አረጋዊ ሸኽ ጠየቅናቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙንና እንዲህ አሉ፦

«አላህ የወሰነውን ቀን ጨርሳለች። ከዚያ ወዲያ የተጨመረው የሰው ነው። ጥቁር ልበሱ የሚል ትእዛዝ ዱሮም የለም፤ የታዘዘው ከጌጥ መራቅ ነው፣ እሱም በቀኑ አበቃ። ልቧ ቢያዝን፣ ዐይኗ ቢያለቅስ ማንም አይከለክላትም። ግን ሐዘኑን ሱንና አድርጋችሁ እንዳትይዙባት።» ቀጥለውም፣ «የት ነው የተወለደችው?» ሲሉ ጠየቁን።

እናታችን የተወለደችው በደምበል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ዱሮ ዝዋይ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ባቱ አጠገብ ካለች የገበሬ መንደር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በ17 ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ ገባች። አባቷን ለመቅበር አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር፤ ያ ከሆነ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬ እዚያ የቀራት ዘመድ የለም፤ የሞተው ሞቷል፣ የቀረውም አገር ለውጧል። ሸኹም ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ውሰዷታ» አሉ።

አክስታችን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ሽርሽር? ሐዘን ካለበት ቤት ሽርሽር ይወጣል?» አሉ። ገንዘቡም ኢስራፍ ነው፣ ለሟች ሰደቃ ይውጣበት ሲሉ ጨመሩ። እኛም አስበንበታል። ለመርሑም ሰደቃ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ስናወጣም ነበር፣ ወደፊትም ኢንሻአላህ እናወጣለን። ነገር ግን ሚስታቸው ምግብ እየተወች ስትከሳ ዐይተን ዝም ብንል አባታችን የሚደሰቱ አይመስለንም። ቁርኣንም ቢሆን በምድር ላይ ተጉዘን የአላህን ሥራ እንድንመለከት በአንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ ይጠራናል። የእኛ ቤተሰቦች ግን ከለቅሶና ከሠርግ በቀር ከከተማ የማይወጡ ናቸው። አባወራው ቢወጣ ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ እናት ከምድጃው ጋር ትቀራለች። ይህን ከየትኛው ኪታብ እንዳመጣነው እንጃ።

አክስታችን በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ብቻዋን አልሰዳትም» ብለው አብረውን ለመሄድ ተነሡ። ሊቆጣጠሩን መሆኑን ዐውቀን ደስ አለን።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ እሁድ፣ ሱብሒን ሰግደን በተከራየነው ሚኒባስ ጉዞ ጀመርን። እኛ አራታችን፣ እናታችን፣ አክስታችንና ሁለት ሕፃናት ነበርን፤ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት። መንገዱ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚያደርስ የፍጥነት መንገድ አለ፤ እናታችን ግን፣ «በዱሮው እንሂድ» አለች። ከአንድ ወር ወዲህ ራሷ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ስለነበር ሾፌሩ ሳያመነታ በዱሮው መንገድ ታጠፈ። በቆቃ አለፍን። እዚያ ያለው ግድብ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀ፣ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ የአዋሽ ግድብ ነው። ለልጆቹ ይህን ስንነግራቸው ከታሪኩ ይልቅ ከመንገድ ዳር የተቆለለው ቲማቲምና ሽንኩርት ደነቃቸው። ከዚያ ዓለም ጤና፣ ከዚያ መቂ።

በመኪና ውስጥ ወንዱ ልጅ ስለ ሶላት ጠየቀ። መድረሳ ስለ ቀስር ተምሮ ኖሯል፤ አድርጎት ግን አያውቅም። እውነት ለመናገር ከእኛም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያደረገው የለም። በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ ጉዞው በግምት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ መንገደኛው ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጎ ያሳጥራል፤ ሱብሒና መግሪብ እንዳሉ ይቀራሉ። የሐነፊ መዝሀብ መለኪያውን የሦስት ቀን መንገድ ያደርገዋል። ማሳጠሩ የሚጀምረው ደግሞ ሻንጣ ሲታሰር ሳይሆን የከተማው ቤቶች ወደ ኋላ ሲቀሩ ነው። በቀን ሄዶ በቀን መመለስም አያግደውም። መንገደኛው ነዋሪ ኢማም ተከትሎ ከሰገደ ግን አራቱን ይሞላል። ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ታዲያ ዱከም ላይ መንገደኛ ሆነን ነበር ማለት ነው?» አለ። አዎ፣ ሆነን ነበር።

ባቱ የደረስነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሱብሐነላህ፣ ያ ቀለም! ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለሆነች ጋሪና ብስክሌት እንደ ልብ ይሮጥባታል። የጋሪ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይና ቢጫ ጥልፍልፍ ታስሮላቸዋል። በጋሪዎቹ መካከል ሰማያዊ ባጃጆች ይሽሎከሎካሉ። ሱቆቹ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ የሰማይ ቀለም ተቀብተዋል፤ በየደጃቸው የተሰቀለው ሻሽና ድሪያ ነፋስ ሲመታው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ጨሌ ያደረጉ የአርሲ እናቶች ቅቤያቸውን ይዘው ያልፋሉ። የጥቅምት አየር ጥርት ያለ ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል ጥቁር የለበሰችው እናታችን ብቻ መሰለችን፤ እሷም ሳታስተውለው አልቀረችም፣ ነጠላዋን ከላይ ደረበችበት።

ከከተማው አቅራቢያ የወይን እርሻ አለ። ትንሿ ልጅ ዐይታው፣ «ወይን እንግዛ!» አለች። ይህኛው ለጠርሙስ እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ ስንነግራት፣ «ታዲያ ለምን ተከሉት?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ሐይቁ ከከተማው በስተምሥራቅ ነው። ስፋቱ ወደ 440 ኪሎ ሜትር ካሬ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ነፋስ ደለሉን እያማሰለ ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል። መቂ ከጉራጌ፣ ከታር ከአርሲ ደጋ ወርደው ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ይዞለት ወደ አብያታ ይሄዳል። አምስት ደሴቶች አሉት። እዚያ የሚኖሩት የዘይ ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው፤ እናታችን ልጅ ሳለች በገበያ ቀን በጀልባ እየመጡ ዓሣቸውን ይሸጡ፣ ከአባቷም እህል ይገዙ እንደነበር ነገረችን። ይህን ስትነግረን ማንም አልጠየቃትም ነበር። «ውሃው ዱሮ እስከዚያ ዛፍ ነበር» ብላ በእጇ አሳየችን። በሐይቁ ዙሪያ የአትክልትና የአበባ እርሻው በዝቷል፤ ሁሉም የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ከዚህ የሚወርደውን ውሃ የሚጠብቀው አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው የእናታችንን ጣት አይጠራጠርም። እንቦጭም በዳርቻው ታይቷል።

ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ከአባ ኮዳዎቹ አልላቀቅ አሉ። ከሰው እኩል ቆመው፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት አንጠልጥለው፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ዝም ብለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ወጣቶች ቆሮሶና አምባዛ እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንት ይለያሉ። እናታችን ዓሣ ከምትሸጥ አንዲት ወጣት ፊት ቆመችና፣ «አከም ጅርታ?» አለቻት። እኛ እናታችን ኦሮምኛ እንደምትችል እናውቃለን፤ ስትናገረው ግን ሰምተን የማናውቅ ያህል ነው። በቤታችን አባታችን አማርኛና ስልጢኛ ነበሩ፤ እሷም በዚያው ኖረች። ያቺ ልጅ ከየት እንደሆነች ጠየቀቻት፣ ነገረቻት፤ ልጅቷ ደግሞ የመንደሩን ስም ዐውቃ የአያቷን ስም ጠራች። ከዚያ ወዲያ የተነጋገሩትን ግማሹን አልገባንም። አክስታችን ቆመው ያዩ ነበር። «ምን እያለች ነው?» አሉን። አናውቅም አልን።

ስለ ምግቡ ለሚሄዱ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንጠቁም። ዓሣ ማረድ አያስፈልገውምና በሃይማኖት በተቀላቀለ ከተማ ለሙስሊም መንገደኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የሚጠበስበት መጥበሻና ዘይት ለሌላ ሥጋም የሚሠራ እንዳይሆን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጠይቀን በትሕትና ተነግሮናል። በሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች ብዙዎቹ መጠጥ ይሸጣሉ። እኛ ከሙስሊም ምግብ ቤት ጥብስና የዓሣ ዱለት አስጠቅልለን፣ አንድ ግራር ሥር ምንጣፍ ዘርግተን በላን። እናታችን በላች። ስንት ጉርሻ እንደሆነ ቆጥረናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ዙህር ደረሰ። የወንድማችን ሐሳብ ወደ መስጊድ እንድንሄድ ነበር፤ እናታችን ግን እዚያው ከውሃው ዳር መስገድ ፈለገች። ውዱእ ለማድረግ ስትጎነበስ ልጁ፣ «ውሃው ቡናማ ነው፣ ይሆናል?» አለ። በራሱ አፈር የደፈረሰ ውሃ ጠሃራነቱን አያጣም ብለን ነገርነው። ቂብላው ከዚያ ወደ ሰሜን ስለሆነ ሐይቁ በቀኛችን ቀረ። ወንድማችን ኢማም ሊሆን ሲቆም እናታችን ከኋላ ጠራችውና፣ «ቆይ፣ እኔ ስንት ልስገድ?» አለች።

«ሁለት፣ እንደ እኛው» አላት።

«እኔ እዚህ ተወልጄ?» አለች። «በአገሬ መንገደኛ ነኝ?»

ዝም አልን። አክስታችን እንኳ አንድ ነገር ሊሉ አስበው ተዉት። ጥያቄዋ ከፊቅህ ያለፈ መሆኑ ገብቶናል፤ መልሱ ግን ከፊቅህ ውስጥ ነበር፣ ከመካከላችን መድረሳ የቆየው ነገራት። ሰው ተወልዶ ያደገበትን ትቶ በሌላ ቦታ ኑሮውን ካጸና፣ የተወለደበት ቦታ ሲሄድ መንገደኛ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መካ ተወለዱ፣ መካ አደጉ፣ መካን ይወዷት ነበር። ከሂጅራ በኋላ መካን በከፈቱ ጊዜም፣ በመሰናበቻው ሐጅም ሲገቡባት ግን ሶላታቸውን አሳጥረው ነው የሰገዱት። ቤታቸው መዲና ነበርና።

እናታችን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውሃው ተመለከተች። «እሳቸውም?» አለች። «እሳቸውም» አልናት። ከአክስታችን ጎን ቆመችና ዙህርንና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገን ጀምዕ ሰገድን። ካሰላመትን በኋላ ብዙ ቆየች። አለቀሰችም። አባታችን ካለፉ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያየናት ያኔ ነው። አክስታችን እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው ተቀመጡ፤ እኛ ልጆቹን ይዘን ወደ ጀልባዎቹ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ወደ መመለሻው ገደማ በሱቆቹ በኩል አለፍን። ትንሿ ልጅ ብርቱካንማ መደብ ላይ አረንጓዴ አበባ ያለበት ሻሽ ይዛ፣ «እማማ፣ ይሄ ያምርብሻል» አለቻት። አክስታችንን ቀና ብለን አየናቸው። እሳቸው ዘወር ብለው የጋሪ ፈረስ ይመለከቱ ነበር። እናታችን ሻሹን ተቀበለች፤ በጣቶቿ አሸት አደረገችው፣ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ ገልብጣ ጠርዙን አየች። የ40 ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ናት። «ጠርዙ አልተቀመቀመም» አለች ለባለ ሱቁ፣ በኦሮምኛ። ዋጋ ተናገረ፤ ግማሹን ሰጠችው። ሳቀ፤ እሷም ጥላው ሄደች። አሥር እርምጃ ሳትርቅ ጠራት፤ አልዞረችም። ሁለተኛ ሲጠራት ዞረች። አባታችን በሕይወት ሳሉ መርካቶ ላይ እንዲህ ስትሆን እንሸሽ ነበር፤ ያን ቀን ግን ልጆቹን ዝም አሰኝተን ቆመን አየናት። ገንዘቡን አክስታችን ከጉያቸው አውጥተው ከፈሉ። ለምን እንደከፈሉ አልተናገሩም፣ አልጠየቅናቸውምም። ሻሹ በፌስታል ተጠቅልሎ ከዓሣው አጠገብ ተቀመጠ፤ እናታችን አላሰረችውም።

ስንመለስ በፍጥነት መንገዱ መጣን። ሞጆ ላይ ወርደን መግሪብን ሦስት ረከዓ፣ ዒሻን ሁለት ሰገድን። ልጆቹ ተኙ። አክስታችንና እናታችን እስከ ቃሊቲ ድረስ ስለ አባታችን ሲያወሩ መጡ፤ ገና ወጣት ሳሉ ዝዋይ ድረስ ለሽማግሌ ሲሄዱ ጫማ ስላልነበራቸው የወንድማቸውን ለብሰው እንደሄዱና እንደጠበባቸው፣ አክስታችን ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ዓሣው በረዶው ቀልጦ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በማግሥቱ ለጎረቤት ተከፋፈለ፣ ለቡና መጥተው ለነበሩትም ሴትዮ ደረሳቸው።

ማክሰኞ ከዐስር በኋላ ወደ ቤት ስንገባ ከጓዳ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማን። አሮጌው አንሶላ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናታችን ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች፣ መነጽሯን አድርጋ የብርቱካንማውን ጠርዝ ትቀመቅም ነበር። ክሩ አረንጓዴ ነው። «መርፌው ደንዝዟል፣ ነገ አዲስ ግዙልኝ» አለችን፣ ቀና ሳትል።